የመልሕቁ ሌላኛ ጎን

ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳያባራ በረዶ ጣለ። ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት እስከ ደረቴ የሚደርስ በረዶ ደጃፌ ላይ ተገትሮ ጠበቀኝ፤ አካፋዬ ደግሞ ያለው ውጭ ነው። በየክረምቱ ወደ ቤት ላስገባው እያልኩ በየክረምቱ እረሳዋለሁ። በትልቁ ድስት ክዳን እየዛቅኩ መንገድ ሠርቼ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም፣ ጥዶቹ እስከ ወገባቸው ተቀብረው ቆመዋል። እንዲህ ያለ ቀን በአንድ ክረምት ሁለቴ ከመጣ ብዙ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እያፏጨሁ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ከሰዓት የሥጋ ሻጩ ሚስት ቋሊማዬን እየጠቀለለች፣ ደን ጠባቂው ኦትማር ዳቦ ጋጋሪዋን ራይኔልዴን አግቢኝ ብሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ። ራይኔልዴም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መልስ እሰጥሃለሁ ብላዋለች። ሴትዮዋ ይህን ስታወራ ዓይኗ ቋሊማው ላይ ነበር። ቀና ብላ ፊቴን አይታው ቢሆን ኖሮ የእኔንም ጉዳይ መንደሩ ሁሉ ሳይመሽ ይሰማው ነበር። ራይኔልዴን ስድስት ዓመት ሙሉ ወድጃታለሁ፤ ይህንንም ከእኔና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። "መልካም ነው፣ ጥሩ ሰው ነው" አልኩና ቋሊማዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቀረኝ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

ስሜ ዌንደሊን ነው። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሚስት አላገባሁም፣ ቁመቴም አጭር ነው። ሂንተርታን በሚባለው መንደራችን ሰዎችን በገመድ ወደ ተራራው የሚያወጣውን ጎታች ሠላሳ አራት ክረምት ከታች ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ጎታቹ በሌሎቹ ተራሮች ላይ እንዳሉት ወንበር ያለው አይደለም። ከላይ በሚዞረው ገመድ ላይ የተገለበጠ መልሕቅ የሚመስል እንጨት በየአሥር ሜትሩ ይንጠለጠላል፤ እኛም መልሕቅ ነው የምንለው። ሁለት ሰዎች ስኪያቸውን፣ በበረዶ ላይ ቁልቁል የሚንሸራተቱበትን ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት፣ እግራቸው ላይ እንዳሰሩ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ እኔ መልሕቁን ከመቀመጫቸው ሥር አስገባለሁ፣ ገመዱ ስምንት ደቂቃ ሽቅብ ይጎትታቸዋል። ይደገፉታል እንጂ አይቀመጡበትም። የተቀመጠ ሰው ሲወድቅ ብዙ አይቻለሁ።

ይህን ሥራ ቀላል ነው የሚል ሰው አንድ ቀን መጥቶ ይሞክረው። ረጅምና አጭር ያጣመርክ እንደሆነ እንጨቱ የአንዱን ጭን ሲመታ የሌላውን ወገብ ይቀጠቅጣል። ወፍራምና ቀጭን ያጣመርክ እንደሆነ ቀጭኑን ከጫካ ነው የምትለቅመው። ስለዚህ ሰውን ገና ሰልፍ ላይ ሳለ እለካዋለሁ። ፊት አላይም፤ የማየው ትከሻ ነው። ትከሻቸው የገጠመውን "አንተና አንቺ" ብዬ አቆማለሁ። ሕዝብ በሚበዛበት ቀን ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ አንድ ጎኑ ባዶ የሆነ መልሕቅ አይወጣም። ብቻውን የመጣ ካለ "ብቸኛ!" ብዬ እጣራለሁ፣ ሌላ ብቸኛ እጁን ያወጣል፣ አጣምሬ እሸኛቸዋለሁ። እንዲህ ካጣመርኳቸው ውስጥ ሰባት ጥንዶች ተጋብተዋል፤ አራት ሠርግ ላይ ተጠርቼ ጠጥቻለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

ራይኔልዴ ረጅም ሴት ናት፤ እኔ አንገቴን መዝዤ በእግር ጣቴ ብቆም እንኳ አገጯ ሥር ነው የምደርሰው። ባሏ በሞተ በሦስተኛው ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎታቹ መጣች፤ ቀይ ኮፍያ አድርጋለች፣ አንድ ጉንጯ ላይ ዱቄት ቀርቷል። ከኋላዋ ኦትማር ቆሟል። ዓይኔ የሷን ትከሻ አየ፣ የሱን ትከሻ አየ፣ አንድ ጣት እንኳ አይበላለጡም። ልቤ ምን እንደሚፈልግ ሳይነግረኝ እጄ ቀደመና መልሕቁን ከሁለቱ ሥር አስገባው። ሲወጡ ከኋላ አየኋቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት ያለ ልክክ ያለ ጥምረት ነው ብዬ በሥራዬ ኮራሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንዲሁ ሆነ። እሷ ስትመጣ ኦትማርም ይመጣል፣ እኔም አጣምሬ እሸኛቸዋለሁ። ኦትማርን ልጠላው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ የሚጠላ ነገር የለውም። ለእሷ የምነግራትን እያሰብኩ ደግሞ በየጠዋቱ ዳቦ ቤት እሄዳለሁ። ተራዬ ሲደርስ ሁልጊዜ ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ትቆማለች፣ እኔም ምላሴ ተሳስሮ ሁለት ዳቦ ስጪኝ ብዬ እመለሳለሁ። ብቻውን ለሚኖር ሰው በቀን ሁለት ዳቦ ብዙ ነው። የሚተርፈውን ዶሮዎቼ ይበሉታል።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ሦስት ቀን ተዘግቶ የነበረው መንገድ ማለዳ ላይ ሲከፈት፣ ሆቴሎቹ ውስጥ ታፍኖ የከረመው ሕዝብ ሁሉ በአንዴ ወጣ። ሰልፉ ከጎታቹ ተነሥቶ መኪና ማቆሚያውን ዞሮ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋ ደረሰ። ሆላንዶቹ ይዘፍናሉ፣ ጀርመኖቹ ሰዓት ያያሉ፣ የእኛዎቹ ደግሞ እንደ ልማዳቸው በጎን ሊገቡ ይሞክራሉ። አንድ መነጽራም ሰውዬ "አንተ፣ ወደ ግራ ተጠጋ" ስለው ተቆጣኝ፤ ከሙኒክ የመጣ ዳኛ ነው። እዚህ ተራራ ላይ ከሺህ ሜትር በላይ እርስዎ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ጳጳስም ቢመጣ አንተ እንደሚባል ነገርኩት። ትከሻውን ለካሁና ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጋር አጣምሬ ሰደድኩት። ከሁለት ዙር በኋላ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው መጡ።

ደስታው እንደ ተላላፊ ነገር ነበር። ከላይ የሚወርደው ሁሉ እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ እያለከለከ፣ እንደገና ሊሰለፍ ይሮጣል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ በአፍጢሙ ተደፍቶ ሲነሣ ሲስቅ አየሁ። እኔም ጭንቀቴን ለጥቂት ጊዜ ረስቼ ሳቅኩ። ከዚያ አራት ሰዓት ሲሆን ቀዩን ኮፍያ ከሰልፉ በላይ አየሁት።

ኦትማር አብሯት አልነበረም። በረዶው የጣላቸውን ጥዶች ከታችኛው መንገድ ላይ እየቆረጠ እንደሆነ ጠዋት ሰምቻለሁ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ። ታዲያ ተራዋ ሲደርስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሥራዬን ሠራሁ። "ብቸኛ!" ብዬ ተጣርቼ አንድ ረጅም ሆላንዳዊ አመጣሁላት። ራይኔልዴ ሽቅብ አየችውና ይህ በዛ፣ ምሰሶ መሰለኝ አለች። ሰውየውን ለሌላ ሰጠሁ። ቀጥዬ አንዲት አስተማሪ አገኘሁላት፤ ትከሻቸው እንደተሰመረ ገጠመ። እሷ ግን አልቸኩልም፣ ሴትየዋ ትቅደም አለች። ሦስተኛውን ነጭ ሽንኩርት ይሸታል ብላ መለሰችው። ከዚያ ከሰልፉ ወጣ ብላ ገመዱ አጠገብ የስኪ ምርኩዞቿን ተደግፋ ቆመች። መልሕቁ በመጣ ቁጥር እኔ እሷን አያለሁ፣ እሷ ተራራውን ታያለች።

ጎታቹ ሥር ባለችው የሥራ ጎጆዬ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ከላይ፣ ጎታቹ የሚያበቃበት ቦታ፣ ኖትቡርጋ ናት ያለችው። ሰዎች በሰላም መውረዳቸውን ታያለች፤ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሰጣትን አቅራቢ መነጽር ደግሞ ለሐሜት ትጠቀምበታለች።

"ቀይዋ ኮፍያ ምን ሆና ነው እዚያ የተገተረችው?" አለችኝ።

"የሚመጥናት ሰው አጣሁላት።"

ኖትቡርጋ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልተበላሸም።

"ዌንደሊን፣ አንተ በግ ነህ" አለች ቀስ ብላ። "እሷ ሦስት ሰው ስትመልስ አይቻለሁ። ማንን የምትጠብቅ ይመስልሃል?"

"ኦትማርን ነዋ።"

"ኦትማር መንገድ ላይ እንዳለ ጠዋት ዳቦ ስገዛ ራሴ ነግሬያታለሁ። እሱን ብትፈልግ እዚያው ትሄድ ነበር፣ እግር አላት። እስቲ አስበው፣ ጭንቅላትህ ኮፍያ ለማስቀመጥ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠህ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከጎጆዬ ወጥቼ ራይኔልዴን አየኋት። አሁን እሷም እያየችኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የሰውን ትከሻ ሳይ ኖሬ ዓይኗን በቅጡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሆኖም ቦታዬን ጥዬ መሄድ አልችልም። ሞተሩ እየዞረ ቦታውን የተወ ሠራተኛ በማግስቱ ሥራ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። ጎታቹን ለማሠራት ፈቃድ ያለን ሰዎች በመንደሩ አራት ነን። አንደኛዋ ኖትቡርጋ ናት፣ እሷ ከላይ አለች። ሁለተኛው አለቃችን በረዶ እየጠረገ ማዶ ተራራ ላይ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አራተኛው እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ የሚተካኝ ኦትማር ነው።

እሱም ወዲያው መጣ። ስኪውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ኮቱ ላይ የእንጨት ብናኝ እንደተነሰነሰ፣ መንገዱን ከታሰበው ቀድሞ ጨርሶ ደረሰ። ለራይኔልዴ ከሩቅ እጁን አነሣላትና ወደ እኔ ቀረበ። እንደ ልማዳችን አጣምረን እንጂ አለኝ እየሳቀ።

"ኦትማር፣ ለአንድ ዙር ቦታዬን ያዝልኝ" አልኩት። "ከራይኔልዴ ጋር ልውጣ።"

ኦትማር የበለጠ ሳቀ። እንጨቱ አንተን የሚመታህ አንገትህ ላይ ነው አለኝ። ይምታኝ አልኩት። ያኔ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ።

"ለምን?"

"ከነገ በፊት የምነግራት ነገር አለኝ። ከአንተ ተደብቄ ልነግራት አልፈልግም።"

ሁለት መልሕቆች መጡ፣ ሁለት ጥንዶች ሸኘሁ። ኦትማር ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

"እኔን ከእሷ ጋር ስድስት ዓመት ያጣመርከን አንተ እኮ ነህ" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?"

ኦትማር ሰልፉን አየ፣ ራይኔልዴን አየ፣ ከዚያ ስኪውን ጎጆው ላይ አስደግፎ ከሞተሩ ማቆሚያ ቁልፍ አጠገብ ቦታውን ያዘ። "አንድ ዙር" አለኝ። "ከዚያ እንደ ማንም ሰው ሰልፍ ትይዛለህ።" በዚያች ሰዓት እኔ በሱ ቦታ ብሆን ይህን አደርግ ነበር ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።

ስኪዬን አስሬ አጠገቧ ስቆም ራይኔልዴ በመጀመሪያ ኦትማርን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፤ እኔን ለማየት ዝቅ ማለት ነበረባት።

"ተገኘልኝ ማለት ነው?" አለች።

"የሚመጥንሽ አይደለም" አልኳት፣ "ያለው ግን ይኸው ነው።"

ኦትማር መልሕቁን አስገባው። ለእሷ ከጭኗ ላይ አረፈ፣ ለእኔ ወገቤን አልፎ ጀርባዬን አገኘው። ገመዱ ሲጠብቅ እሷ ቀጥ ብላ ተነሣች፣ እኔ ወደ ፊት ተደፋሁ፤ ከሰልፉ አንድ ትልቅ ሳቅ ተከተለን። ዳኛው የወዳጁን ትከሻ ተደግፎ ሲስቅ ለይቼ ሰማሁት።

በመስመሩ ላይ አሥራ አምስት ምሰሶዎች አሉ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ስለ አየሩ አወራን፤ ጥሩ አየር እንደሆነ ሁለታችንም ተስማማን። አራተኛው ላይ ዶሮዎችህ እንዴት ናቸው አለችኝ። ወፍረዋል አልኳት። ይገባኛል፣ ዳቦዬን ሁሉ የሚበሉት እነሱ ናቸው አለች። እንዴት አወቅሽ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ከግራና ከቀኝ ማንም ያልረገጠው በረዶ ፀሐዩ ላይ ያብለጨልጫል፣ ከጥዶቹ ላይ አልፎ አልፎ ክምር በረዶ ተንዶ ይወርዳል፣ እኔ ደግሞ እንጨቱ ጀርባዬን እየቀጠቀጠኝ ምሰሶ እቆጥራለሁ። ግማሹ መንገድ አለቀ።

"ኦትማር ጠይቆኛል" አለች።

"ሰምቻለሁ።"

"ከማን?"

"ከቋሊማዬ ጋር ነው የተጠቀለለልኝ።"

ሳቀች። ስትስቅ መልሕቁ ተነቃነቀ፤ እኔም ልወድቅ ነበር። ከዚያ ሳቋን ትታ አንድ ነገር ልጠይቅህ አለች።

"ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከእሱ ጋር የምታደርገኝ?"

ይህን እንኳ አውቀዋለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ስለ ትከሻ ነገርኳት፣ ስለ ክብደት ነገርኳት፣ በሠላሳ አራት ዓመት እንደ እሷና እንደ ኦትማር የገጠመ ጥንድ አይቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። ስድስት ክረምት ሙሉ አንድ ቀን አልወደቃችሁም አልኳት፣ በኩራት። ምሰሶ ስምንት አለፈ።

"እኔ እኮ ለእሱ የምትሰጠኝ መስሎኝ ነበር" አለች። "መልሕቁን ከሥራችን ባስገባህ ቁጥር፣ ይኸው ዛሬም አሳልፎ ሰጠኝ እላለሁ። ዞር ብዬ ሳይህ ደግሞ ከታች ቆመህ ታየናለህ። ደስ ብሎህ።"

በጎታቹ ላይ ትልቁ ሕግ ፊት ለፊት ማየት ነው። ወደ ጎን የዞረ ሰው ስኪው አብሮት ይዞራል። በዕድሜዬ ስንት ሺህ ሰው ላይ "ፊት ለፊት ተመልከት!" ብዬ እንደጮኽኩ እግዜር ይቁጠረው። እኔ ምሰሶ ዘጠኝ ላይ ወደ ራይኔልዴ ዞርኩ። ስኪዬ ስኪዋ ላይ ወጣ፣ መልሕቁ ከጀርባዬ አምልጦ ወደ ሰማይ ተወነጨፈ፣ ሁለታችንም በጎን ተገልብጠን በረዶው ውስጥ ጠፋን።

ለጥቂት ጊዜ ነጭ ብቻ ነበር የማየው። ስወጣ ኮፍያዋ የለም፣ ፀጉሯ በረዶ ሞልቶበታል፣ ተቀምጣ አፏን ይዛ ትስቃለች። ከኋላችን የሚመጡት ጥንዶች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ሁሉም ያውቁኛል፣ ሁሉም የዕድሜ ልክ ብድራቸውን ይመልሳሉ። "ፊት ለፊት ተመልከት፣ ዌንደሊን!" ይላል አንዱ። "ስኪህን አታነባብር!" ይላል ሌላው። ዳኛውና ቧንቧ ሠራተኛው ሲደርሱ ዳኛው ምርኩዙን አነሣና "አንተ! መስመሩን ልቀቅ!" አለኝ፤ አንተ የምትለዋ ቃል አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ ጣፍጣው ነበር። ምሰሶው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያም ተከፈተና ኖትቡርጋ፣ ዘጠነኛው ምሰሶ ጋ የወደቁት ሰዎች መስመሩን ይልቀቁ፣ ሠራተኞችንም ይጨምራል አለች።

እኔ ግን አልተነሣሁም። ያን ጊዜ ብነሣ እንደገና ዝም እንደምል አውቄዋለሁ።

"እወድሻለሁ" አልኳት። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አልሰጠሁሽም። እጄ ነው የሰጠሽ፣ እኔ አይደለሁም።"

ራይኔልዴ ከቅንድቧ ላይ በረዶውን ጠረገች። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ በረዶውም ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን አይደለም ብዬ አምናለሁ።

"ይህን ለመናገር መውደቅ ነበረብህ?" አለች። ተነሥታ ስኪዋን አስተካከለችና "ና" ብላኝ ወደ ጫካው ገባች።

ከዘጠነኛው ምሰሶ ወደ ታች በጥዶቹ መሐል የሚሄደውን ቁልቁለት ሠላሳ አራት ዓመት ከታች ሆኜ አየሁት እንጂ በእንዲህ ያለ በረዶ ወርጄበት አላውቅም። በረዶ በጣለ ቁጥር እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ስኪው ከሥር ድምፅ የለውም። በረዶው እስከ ጉልበት፣ ሲታጠፉ እስከ ደረት ይመጣና ፊትን አጥቦ በትከሻ ላይ ያልፋል። ራይኔልዴ ከፊቴ ጎንበስ ቀና እያለች ትወርዳለች፤ እኔ ከኋላዋ የምትበትነውን በረዶ እየዋጥኩ፣ አፌን መዝጋት እያቃተኝ፣ ከሳቅ ይሁን ከጩኸት ያልለየ ነገር እያወጣሁ ተከተልኩ። ሁለቴ ወደቅኩ። ሁለቴም ቆማ ጠበቀችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ለማለት ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም።

ከጫካው የወጣነው ከሰልፉ አጠገብ ነው። ሰልፉ እኛ ስንሄድ ከነበረው አላጠረም። ራይኔልዴ ወደ ኦትማር ሄደች። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ የሷን ቃል መስማት ያለበት እሱ ነው። ጓንቷን አውልቃ እጁን ያዘች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ለረጅም ጊዜ አናገረችው። እሱ በሌላኛው እጁ መልሕቅ እያስገባ፣ ጥንዶች እየሸኘ፣ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። አንድ መልሕቅ እንኳ ባዶውን አላሳለፈም። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጣና ቦታዬን መለሰልኝ።

"በእኔ ተራ አራት ሰው ወድቋል፣ አንተን ሳልቆጥር" አለኝ። "ሥራህ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።"

"ኦትማር…" አልኩት።

"ተወው" አለኝ። ስኪውን አሰረና መስመሩ ላይ ቆመ። "ብቸኛ!" ብዬ መጣራት ነበረብኝ፣ ሰልፉ ላይ የሚመጥነው ረጅም ሰው ሞልቷል። አልተጣራሁም። መልሕቁን ለብቻው ሰጠሁት፣ እሱም ተቀብሎ ወደ ኋላ ሳይዞር ወጣ። ሰዓት ሲያዩ የዋሉት ጀርመኖች እንኳ አላጉረመረሙም።

ራይኔልዴ አጠገቤ ቆማለች። በረዶው ፀጉሯ ላይ እየቀለጠ አንገቷ ውስጥ ይወርዳል።

"እሺ?" አለች።

"እሺ ምን?"

"ኦትማር ጠየቀኝ፣ መልሱንም አገኘ። አንተስ ምን ጠየቅከኝ?"

ቆሜ አሰብኩ። እውነቷን ነው፤ እወድሻለሁ ብያታለሁ፣ ያም ወሬ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሁለት ዳቦ ስጪኝ በቀር ምንም ጠይቄያት አላውቅም። ባዶ መልሕቆች እየተንቀጫቀጩ በላያችን ማለፍ ጀመሩ። ሰልፉ ሁሉ ይመለከተናል፤ ግማሹ ቋንቋችንን አይሰማም፣ ነገሩ ግን ገብቶታል፤ ሆላንዶቹ መዝፈናቸውን አቁመዋል። ጎጆዬ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፤ ኖትቡርጋ ናት፣ መነጽሩን ይዛ ቆማ እንደሆነ አልጠራጠርም። ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቆመው አንዲት ሴትዮ ዛሬ ሦስት ሺህ ሰው ሆና መጣች። ምላሴ ሊተሳሰር ሲጀምር ኮፍያዬን አወለቅኩ።

"ራይኔልዴ፣ ታገቢኛለሽ?"

"አገባሃለሁ" አለች፣ ወዲያው። "አሁን ሥራህን ሥራ፣ ሰዎቹ በረዳቸው።"

የመጣውን መልሕቅ ያዝኩና ፊት የቆሙትን ሁለቱን ሸኘሁ። ማን እንደነበሩ፣ ረጅም ይሁኑ አጭር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።